በደረት ኪሱ የያዘውን አትጠይቂው

ከእናታችን በኋላ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ ይድረስ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወርጂ ቋ ይላል ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «እኔ ምን እሆናለሁ» እያልሽ ሸፋፍነሽው ነው? የልጆቹ አባት ሳሉ ለቀቀው? ትልቋ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ያ ቀበጥ ትንሹስ፣ የፊት ጥርሱ በቀለለት ወይስ አሁንም በመስኮት እያፏጨ አላፊ አግዳሚውን ይሰድባል? የጓሮው አጥር ቆሟል ወይስ እንደ ድሮው በገመድ ነው የታሰረው? ስለ አጥሩ የጠየቅሁት ለወሬ ያህል አይደለም፣ ኋላ ይገባሻል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ዛሬ የእውነቴን ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። ግን ደንግጫለሁ፣ እታለም። ከደነገጥኩ ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

ይህን ወረቀት የሰጠሽ ባሌ አሁን ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ይሆናል። በጃኬቱ የውስጥ ደረት ኪስ የያዘው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አትጠይቂው። አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳይሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ፤ በአፉ እንዲነግርሽም አታስጨንቂው። እሱ እንደሆነ ብረት ሲበይድ የሚውል ሰው ነው፣ ቃል መቀጠል አይሆንለትም። እኔም በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን። ያንቺ ቤት ስልክ ደግሞ የሚጮኸው ለመላው ሰፈር ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ። አንቺም ምግብ ስጪውና፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጪና፣ ተረጋግተሽ አንብቢው።

ስለ ደሜ ግማሹን ታውቂያለሽ፤ ሌላውን ግማሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ሳልነግርሽ ቆይቻለሁ። ወር አበባ የሚባለው ነገር ወሩን ጠብቆ መምጣት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ሳምንት ይፈሳል፣ ጥቂት ቀን ያርፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንዳንዴ ጠብ ጠብ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ የረጋ ደም ይወርዳል፤ የጉበት ቁራጭ የሚያህል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ቢለቀቅልኝም አልቀመጥም። ሰው ቤት ስሄድ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ስነሳም ቀድሜ የማየው የተቀመጥኩበትን ነው። ደሜ ከማነሱ የተነሳ ደረጃ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኛል፣ ልቤ ከአፌ ልትወጣ ትደርሳለች። ከንፈሬ ሲነጣ ቀለም መቀባት ጀመርኩ፣ ሰዉም አማረብሽ አለኝ።

የምሠራበትን ቦታ ደግሞ ታውቂዋለሽ። የሆቴሉ ላውንድሪ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም፣ እንፋሎቱ ቀኑን ሙሉ አይበርድም፣ የሚታጠበውም ሁሉ ነጭ ነው። አንሶላው ነጭ፣ ፎጣው ነጭ፣ የትራስ ልብሱ ነጭ። ሳታስበው ደም ለሚፈሳት ሴት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መዋል ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ትልልቁ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን እንይዛለን፣ እንወጥረዋለን፣ እናራግፈዋለን፣ ከዚያ አንዳችን ወደ ሌላችን እንራመዳለን። የኔ ጥንድ ያቺ ጡሩምባ የምንላት ናት። ስሙን ያወጣንላት ሆዷ ምንም ነገር ስለማይችል ነው፤ ጠዋት የነገርሻት ነገር ለምሳ ሳንወጣ ፎቅ ላይ ካሉት አስተናጋጆች ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምደበቀው ከእሷ ነበር። ስናጥፍ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አደርጋለሁ፤ የምትራመደው እሷ ናት፣ እኔ ከቆምኩበት አልነቃነቅም።

ሐኪም አላጣሁም። አንዱ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ሆርሞን ነው አለና ሌላ ኪኒን ሰጠኝ። ሦስተኛው በአልትራሳውንድ ሆዴን እያሸ ማኅፀኔ ውስጥ የሚያበራ ነገር አየ፤ የቆየ እጢ ነው፣ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል አለኝ። ሁለት ጊዜ ተጠረግሁ። ጠረጋ ማለት፣ ሐኪሙ መሣሪያውን አስገብቶ በእጁ ስሜት ብቻ ይጠርጋል እንጂ የሚነካውን አያየውም። ከጠረጋው በኋላ ጥቂት ሳምንት ሰው እሆናለሁ፣ ከዚያ ያው በገሌ። በመጨረሻ ወድቄ፣ ደም ተሰጥቶኝ ትልቁ ሆስፒታል ተኛሁ። እዚያ ማኅፀኑ ይውጣ ተባለ፣ ቀንም ተቆረጠ።

ያኔ ነው ለአንቺ የደወልኩት። ያልሽኝን አልረሳውም፤ «ማኅፀን ሰው አይሆንም፣ አንቺ ግን ሰው ነሽ፤ አስወጪውና ኑሪልኝ» አልሽኝ። ባሌም «አንቺን ካስቀረልኝ ይውጣ» አለኝና ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ምንም ያልሆነውን የግቢ በር ሲበይድ ዋለ። እኔም እሺ አልኩ። በአፌ እሺ ብዬ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እታለም። አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ የሚል ነገር ለማንም ሳልናገር ይዤ ኖሬያለሁ። ማኅፀኔ ወጣ ማለት ያም አብሮ ወጣ ማለት ነው። ለአንቺ እንኳን አላልኩም፤ ስልኩን ይዤ «እሺ፣ አስወጣዋለሁ» ብዬሽ ዘጋሁት።

ቀዶ ጥገናውን ሊያደርግልኝ የነበረው ሐኪም ሌላ ቦታ ተዛወረና በእሱ ቦታ አንዲት አጠር ያለች ሴት መጣች። ስኒከር ጫማ ታደርጋለች፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ መጀመሪያ ሳያት የምትመዘግበው ልጅ መስላኝ ነበር። የነበረኝን ሁሉ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ ከዚህ በፊት የማኅፀንሽን ውስጥ በዓይኑ ያየ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ስንት ሐኪም አይቶኛል ብዬ ተቆጣሁ። እሷም አልተቀየመችም፤ ከሆድሽ ላይ ሆነው ጥላውን አይተዋል፣ በመሣሪያም ዳብሰዋል፣ እኔ የምልሽ በዓይን ነው አለችኝ። ለካ ማንም አላየውም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ያዩት መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ሳላይ አላወጣውም» አለች፣ ባጭሩ።

ምርመራው ሂስትሮስኮፒ ይባላል። ጡሩምባ ኋላ ስሙን ስትሰማ የመኪና ዕቃ መስሏት የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው እንደ እስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ ነገር አለ። ሆድ አይቀደድም፣ የትም አይቆረጥም፤ ልጅ በሚወጣበት በኩል ቀስ ብሎ ይገባል። ማኅፀን እንደ ባዶ ከረጢት ግድግዳና ግድግዳው የተጣበቀ ስለሆነ የጨው ውሃ ይለቁበትና ይከፍቱታል። ከዚያ ውስጡ ስክሪን ላይ ይታያል። ደሙ እስኪያቆም ጠብቀን፣ ባቆመ በማግስቱ ጠሩኝ። ያንቺን ምርቃት በሆዴ እየደገምኩ ገባሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ቀዝቃዛ። እግር የሚያሰቅል አልጋ አለ፣ የውሃው ከረጢት በብረት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ስክሪኑ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፋች ነርስ ከራስጌዬ ቆማ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ሞቃት ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሐኪሟ ማየት ከፈለግሽ ስክሪኑን አዞርልሻለሁ፣ ካልፈለግሽ ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ። አዙሪልኝ አልኳት። ሊወጣ ነው እኮ፣ ሳይወጣ በፊት መልኩን ልወቀው ብዬ ነው። ሲገባ ወር አበባ ሊመጣ ሲል እንደሚቆርጠው ዓይነት ቁርጠት ያዘኝ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ፣ ጥርሴን ነከስኩ። ግን ይቻላል። የፈራሁትን ያህል አይደለም።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ጭጋግ ነበር። ከዚያ ውሃው ጠራና ማኅፀኔን አየሁት። እታለም፣ የደነገጥኩት ገና ያኔ ነው። እኔ ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያሠቃየኝን ክፉ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ሮዝ ነው። የሕፃን ድድ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ ሮዝ። ይህን ነው እንዴ የምታወጡብኝ ልል አፌን ስከፍት ካሜራው ወደ ጎን ዞረ፣ በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ነጭ ነገር ታየ። ቀጭን፣ እንደ ተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ ያለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ። አጠገቡ ሌላ። ከበላዩ ጠመም ያለ ሌላ። ቶሎ ቶሎ የምትናገረው ሐኪም ዝም አለች። ነርሷ እጄን ጠበቅ አደረገችኝ።

ሐኪሟ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል ከዚህ በፊት እርግዝና ነበረሽ ወይ አለችኝ። ነበረኝ፣ አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው አልኳት። በስንተኛው ወር ወጣ አለች። አምስተኛው ወር ሊገባ ሲል ሆዴ ውስጥ ሞተ፣ ክሊኒክ ወስደውኝ በመሣሪያ አወጡት አልኳት። ካሜራውን ወደ ነጩ ነገር ጠጋ አደረገችው። ምንድነው ብዬ ጮህኩባት መሰለኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አጥንት ነው» አለችኝ። የኔ አጥንት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሞኝነቴን ተይው፣ ሌላ ምን ልበል። አይደለም አለችኝ። ያኔ ገባኝ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ፈጦ ቀረ። ነርሷ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ስትል ከሩቅ ቦታ የምትናገር መሰለኝ።

ያንን ቀን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሩ አረንጓዴ የተቀባ ክሊኒክ ነበር። ሰውየው እጅጌውን ጠቅልሎ ወጣና፣ ጥርግ አድርገን አውጥተነዋል፣ ቅንጣት አልቀረም አለሽ። እኔ በመድኃኒቱ ደንዝዤ እንኳን ሰምቼዋለሁ። በሻርፕሽ ጠቅልለሽ ስትይዢው ልየው ብልሽ «አይተሽ ምን ልትሆኚ፣ ተኚ» አልሽኝ። ስትመለሺ ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሺኝ ጥፍርሽ ውስጥ አፈር አየሁ። የት እንደቀበርሽው አልጠየቅሁሽም፤ በሌላ ጊዜ አንቺው ከሎሚው ሥር ነው ብለሽ በአጭሩ ነገርሽኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። ሁለታችንም ሁሉም እዚያ ያለ መስሎን ዘጠኝ ዓመት ኖርን። ከፊሉ ግን እኔ ዘንድ ነበር። በአውቶቡስ ስቆም፣ አንሶላ ሳጥፍ፣ አንቺ ቤት መጥቼ ያንኑ ሎሚ ሳጠጣ፣ አብሮኝ ነበር።

ሐኪሟ ኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ማኅፀን ውስጡ የማይገባውን ነገር ሲያገኝ አይተኛም፣ ላስወጣው ብሎ ይደማል፣ ይቆጣል። ያ አልትራሳውንድ ላይ የሚያበራው፣ የደረቀ እጢ የተባለው፣ እሱ ነው። በመሣሪያ ሲጠርጉም በላዩ ላይ እያለፉ ሄደዋል፣ ስላላዩት። ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ፤ ሴቶች እንዳይወልዱ የሚያስገቡትን ሉፕ ታውቂ የለ? አጥንቱ ልክ የእሱን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። በየወሩ ተስፋ ሳደርግ፣ ባሌ ሳያየኝ ጣቴን ስቆጥር፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር ማለት ነው። ያንን እጅጌውን የጠቀለለ ሰውዬ ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም። ጡሩምባ በትልቁ ማሽን ከተን በፈላ ውሃ እናዙረው ብላለች፣ እኔም አልተቃወምኩም። የምሬን ነው፣ ተናድጃለሁ። ልጄ መሞቱ የሱ ጥፋት አይደለም፤ ቅንጣት አልቀረም ያለው ቃሉ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያን ዕለት እዚያው አወጡት። በዚያው ቀጭን ነገር ውስጥ ጫፉ እንደ ወረንጦ የሆነ መሣሪያ አስገብታ፣ እያየች፣ አንድ በአንድ። እያንዳንዱን የብረት ሳህን ላይ ስታስቀምጠው ይሰማል። ቅጭል ትላለች፣ ትንሽ ድምፅ ናት። ሌላ ሁሉ ቢረሳኝ ያቺ ድምፅ አትረሳኝም። ስትጨርስ ካሜራውን እንደገና አዙራ ያንን ሮዝ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አሳየችኝ። ሁለቱ ወደ እንቁላል የሚወስዱት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይታያሉ። ምንም የለም። ከግድግዳውም ትንሽ ቁራጭ ለምርመራ ወሰደች። ቀዶ ጥገናው ቀረ ወይ ስላት፣ ምን አግኝቼ ነው የማወጣው አለችኝ።

ወደ ማረፊያው ስገፋ ጡሩምባን ከበሩ ውጭ አገኘኋት። ቀጠሮዬን ማን እንደነገራት አላውቅም። በፌስታል ንጹሕ የውስጥ ልብስ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ፎጣ ይዛለች። እንዴት አወቅሽ አልኳት። ማወቅማ ከጀመረሽ ጀምሮ ነው የማውቀው አለችኝ። አፌን ያዝኩ። የሥራ ልብሳችን ድሮ ነጭ እንደነበረ፣ ኋላ ለአጣፊዎቹ ብቻ ጥቁር ሰማያዊ እንደተደረገ ጽፌልሽ ነበር አይደል? አለቃችን ቆሻሻ እንዳይታይ ብሎ ያደረገው መስሎኝ ነበር። ለካ ጡሩምባ ናት። አጣፊዎቹን ሁሉ በየተራ አነጋግራ፣ እኔ ብቻዬን ጥቁር ለብሼ እንዳላፍር፣ ሁላችንም ነጭ አንለብስም ብለው አለቃውን ያስጨነቁት እነሱ ናቸው። ያቺ ሆዷ አይችልም ያልናት ሴትዮ ይህን ሁሉ ዓመት ችላ ኖራለች። እኔ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ ሳደርግ እሷ የምትራመደው እኔ እንዳልነቃነቅ ብላ ነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ አጥንቱን አይቼ ያልመጣ እንባዬ እዚያ ኮሪደር ላይ ዱብ ዱብ አለ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። አጥንት ነው፣ ሌላ ክፉ በሽታ የለም። ማኅፀኔ አይወጣም፣ እታለም። ከዚያ ወዲህ ደሙ አንድ ጊዜ መጣ፤ እንደ ሰው ደም መጥቶ እንደ ሰው ደም ሄደ። ስላቆመ ደንግጬ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ እወልዳለሁ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ቃል አልገባልሽም፣ ግን የሚዘጋውን ነገር አውጥተነዋል፤ መጀመሪያ ደምሽን መልሺ፣ ከዚያ ሞክሩና ኑ አለችኝ። ቃል አለመግባቷን ወደድኩላት። ለምርመራ ከሄደው አጥንት የተረፈውን ስጪኝ ስላት ግን አመነታች። ምን ታደርጊዋለሽ አለችኝ። የሚሄድበት ቦታ አለው አልኳት። አጥባ፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችኝ።

ባሌን ታውቂዋለሽ። ያኔ ልጁ ሲሞት አንድም ቀን አላለቀሰም፣ አንድም ቀን አላነሳውም፣ እኔም ቀላል ሆኖለታል ብዬ በሆዴ ቂም ይዤበት ነበር። ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ነገርኩት። ተነስቶ ሄደና እጁን መታጠብ ጀመረ፤ በሳሙና፣ ደግሞ በሳሙና፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለውን የብረት ጥላሸት ሳይቀር ፈተገው። ሕፃን ሊያቅፍ የሚሄድ ሰው እንደዚያ ነው የሚታጠበው። መጥቶ ተቀመጠ፣ ብልቃጡን በሁለት እጁ ያዘው፣ በስሙ ጠራው። በስሙ፣ እታለም! ስም አውጥቶለት ነበር። ገና ሆዴ ሳይገፋ ጀምሮ አውጥቶለት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻው ሲጠራው ኖሯል። ከሁሉም ድንጋጤ ይህኛው ባሰብኝ። የያዝኩበት ቂም ሁሉ ከላዬ ረገፈ፣ ተቃቅፈን እርማችንን አወጣን።

እንግዲህ በደረት ኪሱ የያዘው እሱን ነው። አሁን ስጠኝ በይው። የተጠቀለለበት ጨርቅ ከሆቴሉ ካረጀ አንሶላ የተቀደደ ነው፤ ጡሩምባ ዙሪያውን በእጇ ቀምቅማዋለች፣ እኔ ተኩሼዋለሁ። ከሎሚው ሥር ካለው ከሌላው ጋር አድርጉልኝ። ቦታውን አንቺ አሳዪው፣ መቆፈሩን ግን ራሱ ልቆፍር ብሏል፣ አትከልክዪው። አጥሩ አሁንም በገመድ ከሆነ የታሰረው፣ የመበየጃ ዕቃውን ይዞ መጥቷልና ያጥብቅልሽ። እኔም አብሬው በመጣሁ፤ ሐኪሟ ደምሽ እስኪሞላ የሁለት ቀን መንገድ አትሂጂ ብላ ከልክላኝ ነው።

ደግሞ አውቅሻለሁ። ይህን ስታነቢ ሻርፑን ከፍቼ ባየው ኖሮ እያልሽ ራስሽን ልትበይ ነው። እንዳታደርጊው። ብትከፍቺውም አታውቂውም ነበር፤ የሚያውቀው ሰውዬ ነው ቅንጣት አልቀረም ያለሽ። አንቺ የሰጡሽን ሁሉ ይዘሽ፣ በእጅሽ ቆፍረሽ፣ ማንም ሳያግዝሽ አሳርፈሽዋል። እጅሽን ታጥበሽ መጥተሽ ደግሞ እኔን አጉርሰሻል። ይህን አንድም ቀን አላመሰገንኩሽም፤ አሁን አመሰግንሻለሁ።

የልጆቹን አባት ሰላም በይልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ቆሞ መሄዱን እንደ ጤና አይቁጠረው። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ደም ሲበዛባት ወይም ቀኑ ሲዛባባት እንደ አክስቷ ዝም እንዳትል ንገሪያት፣ የሚነግራት ሁሉ በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ትጠይቅ። መካከለኛውን፣ ያንን ዝምተኛ፣ ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ከአጎቱ ጋር አጥሩን ይያዝለት። ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ኋላም ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ያቺን በግድግዳ የምትሰማሽን ጎረቤትሽንም ሰላም በያት፣ መቼም የባሌን መምጣት ሰምታለች።

ከሎሚው ሥር ላለው ደግሞ ሰላም በይልኝ። እናትህ ይዛብህ የቆየችውን ሁሉ ልካልሃለች፣ አባትህም ራሱ መጥቷል በይው። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት አባቱ እንዲጠራው ብዬ ነው። አጠገቡ ቁሚና ስሚው፤ ከእንግዲህ አንቺም በስሙ ጥሪው።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከላውንድሪው ጀርባ ካለችው ክፍላችን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት